ምርጥ ምድጃ፦ ምኑ ምርጥ ነው፣ ምኑስ ይቀረዋል?

ምርጥ የሚባለው ከሲሚንቶ የተሠራ የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ «ግማሽ እንጨት ይቆጥባል» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ግማሹ የተገኘው በቁጥጥር ስር በተደረገ ሙከራ፣ ተሰንጥቆ የደረቀ እንጨት እየተመዘነ ሲነድ ነው። ገጠር ውስጥ እናቶች በራሳቸው ሊጥ ሲጋግሩ በተደረገ ምዘና ግን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የዳነው ከ22 እስከ 31 በመቶ ነበር። ቁጠባውም ጋጋሪዋ ምድጃውን እየለመደችው ስትሄድ የሚጨምር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ እንጨት ተርፎ ያላየ ሰው ተታለልኩ አይበል።

ሩቡ ብቻ እንኳ ቢድን ሒሳቡ ቀላል አይደለም። አንድ ቤት በሳምንት ሁለቴ ይጋግር፣ በጉልቻ በአንድ ጋገራ 10 ኪሎ እንጨት ይፍጅ እንበል። በአንዱ ጋገራ 2 ኪሎ ተኩል፣ በሳምንት 5፣ በዓመት 260 ኪሎ ይተርፋል። በ30 ኪሎ ሸክም ሲቆጠር ስምንት ዘጠኝ ጊዜ እንጨት ለቀማ መውጣት ቀረ ማለት ነው። ማገዶ የሚገዛ ደግሞ 260ውን በሰፈሩ የኪሎ ዋጋ አባዝቶ ከምድጃው ዋጋ ጋር ያስተያይ፤ በስንት ወር ገንዘቡን እንደሚመልስ ወዲያው ይታያል።

ዕቃው ራሱ ስድስት የሲሚንቶ ቁራጭ ነው። አራቱ ሲገጣጠሙ ምጣዱ የሚቀመጥበትን ክብ ይሠራሉ፤ አንደኛው እንጨት የሚገባበት አፍ አለው። ሁለቱ ደግሞ ከጀርባ ተጋጥመው የጭስ መውጫ ይሆናሉ፤ በዚያው ላይ ወጥ ወይም የቡና ውሃ ይጣዳል። ወፍራሙ ግድግዳው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ኋላ የመጣው ቀጭኑ 4 ገደማ ነው። ቀጭኑ ቶሎ ይሞቃል፣ ለመሸከምም ይቀላል፤ ሲወድቅ ግን ምሕረት የለውም።

ሲገዙ ማየት ያለብዎ ነገር ሲሚንቶው ነው። ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር አሸዋው ይበዛል። ጠርዙን በሳንቲም ይፈግፍጉት፦ አሸዋው እየረገፈ እጅዎ ላይ ከቀረ ተሰርቆበታል፣ ይተዉት። ሁለት ቁራጭ አንስተው ቀስ አድርገው ያጋጩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ከሆነ ውስጡ ስንጥቅ አለው ወይም ገና አልጠነከረም። ከዚያ «ስንት ቀን ውሃ ጠጣ?» ብለው ይጠይቁ። ከሻጋታ የወጣ ቁራጭ በጥላ ሥር ተሸፍኖ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ሊጠጣ ይገባል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በሦስተኛው ቀን ለገበያ የወጣ ምድጃ ከላይ ደረቅ ይመስላል፣ እሳት ሲነካው ግን ይፈረካከሳል። ፑሚስ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ገብቶበት ከሆነ ለመሸከም ቀለል ይላል፣ ሙቀትም በግድግዳው ቶሎ አያመልጥም፤ በአሸዋ ብቻ የተሠራው ይከብዳል።

ሁለተኛው ነገር ልክ ነው። ምድጃው የሚሠራው 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ለሆነ ምጣድ ነው፤ የሸክላ ምጣድ ግን እንደ ሠሪው እጅ ሰፋም ጠበብም ይላል። ከቤት ሲወጡ የምጣድዎን ስፋት በክር ለክተው ክሩን ይዘው ይሂዱ። አራቱ ቁራጮች እዚያው ተደርድረው ካልታዩ አይክፈሉ። ከተለያየ ሻጋታ የወጡ ከሆነ አንዱ ከሌላው ጣት ያህል ከፍ ይላል፣ ምጣዱም ይንገዳገዳል። ምጣድ ዘመመ ማለት ሊጡ ወደ አንድ ጎን ፈሰሰ፣ እንጀራው በአንድ በኩል ወፈረ፣ በሌላው ሳሳ ማለት ነው።

አተካከሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወለሉን አስተካክላችሁ ጭቃ አንጥፉ፤ መደብ ላይ ከሆነ ጋጋሪዋ ከማጎንበስ ትድናለች። ቁራጮቹን ደርድሩና መጋጠሚያውን ጭድ በገባበት ጭቃ ምረጉት። ምጣዱን አስቀምጡና ዙሪያውን፣ ምጣዱና ሲሚንቶው የሚገናኙበትን፣ በሙሉ ድፈኑ። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ያቺ ክፍተት ካልተደፈነች ነበልባሉ በጎን ያመልጣል፣ እንጨቱ እንደ ጉልቻው ይፈጃል፣ ጭሱም ዓይን ውስጥ ይገባል። ከዚያ «ምድጃው አይረባም» ይባላል። ጭቃው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እሳቶችም በጭራሮ ብቻ፣ ለዘብ አድርጋችሁ አንድዱ። ሲሚንቶው ውስጥ የቀረ እርጥበት በድንገት ሲፈላ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። አዲስ ምጣድ ከሆነም ማሟሸቱን ከዚሁ ለዘብተኛ እሳት ጋር ማስኬድ ይቻላል።

አነዳዱም ከጉልቻው ይለያል። በጉልቻ የለመደ እጅ ግንድ ይማግዳል፤ እዚህ ግን አውራ ጣት የሚያክል የተሰነጠቀ እንጨት ጥቂት ጥቂት እየተባለ ነው የሚገባው። አፉን በእንጨት ከጠቀጠቃችሁት አየር አይገባም፣ እንጨቱ ሳይነድ ይጨሳል። ከጀርባ የምትጥዱት ድስት መውጫውን ሙሉ በሙሉ ከደፈነውም ጭሱ በፊት በኩል ተመልሶ ይመጣል። አመዱን በየጋገራው ጥረጉ፤ የተከመረ አመድ እንጨቱን ወደ ምጣዱ ያስጠጋዋል፣ መሐሉ ያርና ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ፍሙን በውሃ ማጥፋት ደግሞ ምድጃውን በእጅ እንደ መስበር ነው፤ አውጥታችሁ በአፈር አፍኑት።

ወፍራም ግድግዳ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ጥቅሙ የሚታየው ሃያ ሠላሳ እንጀራ በአንድ ጊዜ ለሚጋግር ነው፤ ከመሐል በኋላ ሲሚንቶው ራሱ ስለሚሞቅ ማገዶው ይቀንሳል፣ በመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ላይማ ፍሙ ብቻ ይበቃል። አምስት እንጀራ ጋግሮ ለሚያቆም ግን ምድጃው ሞቆ ሳያልቅ ሊጡ ያልቃል። ጭስን በተመለከተ ደግሞ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። መደበኛው ምርጥ ጭስ ማውጫ ቧንቧ የለውም፤ ከጀርባ የወጣው ጭስ ያው ጓዳ ውስጥ ነው የሚቀረው። መስኮት ወይም የጣራ ቀዳዳ የሌለው ጓዳ ውስጥ ተክሎ ከጭስ ተገላገልን ማለት አይቻልም።

ይህ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገር ተሠርቶ፣ ከ1998 ጀምሮ በጀርመኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጂቲዜድ ድጋፍ አነስተኛ አምራቾች እንዲያመርቱትና እንዲሸጡት ተደርጎ የተስፋፋ ነው። ድሃን በንግድ ማገዝ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው። ዕቃው ከባድ ነው፣ በመንገድም ይሰበራል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ተክሎ ለመላው አገር ማከፋፈል አያዋጣም። ስለዚህ ሻጋታው ነው ወደ ከተሞቹ የሚሄደው፤ ሻጋታ፣ ጥላ ያለው ቦታ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ያለው ሰው ለየአካባቢው አምርቶ ይሸጣል፣ ትርፉም እዚያው ይቀራል። ክብደቱ እንደ ጉድለት ይታይ እንጂ ሥራውን በየወረዳው የበተነው እሱ ነው።

ይህን ንግድ የሚገድለው ነፃ እደላ ነው። «የሚቀጥለው ወር በነፃ ይታደላል» የሚል ወሬ ከተሰማ ዛሬ የሚገዛ አይገኝም፤ አምራቿ ሲሚንቶዋ እየጠጠረባት ትቀመጣለች። ሌላም አለ። ድርጅት ገዝቶ ሲያድል ከፋዩ ሌላ፣ ጋጋሪዋ ሌላ ናት። ምድጃው ቢሰነጠቅ የጋጋሪዋ ሮሮ ወደ ሠሪው አይደርስም፣ ጥራቱም በዚያው ይወርዳል። ገንዘብ ከኪስ ሲወጣ ግን ገዢ መጥታ ትጨቃጨቃለች፤ ጥራቱን የሚጠብቀው ይህ ጭቅጭቅ ነው። ድጋፍ ያለው አካል ከአካባቢው አምራች ቢገዛ፣ ጥራት ቢመረምርና ከተጠቃሚዋም ትንሽ ክፍያ ቢጠይቅ ይሻላል። በአንድ ጊዜ መክፈል ለሚከብደው እቁብ አለ፤ አሥር ሆነው ሲያዙ የጋሪ ወይም የአይሱዙ ጭነቱም ይካፈላል።

ለማን ይሆናል? ለገጠር፣ ለትንንሽ ከተማና እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ እናቶች፣ ያለ ማመንታት። ተከራይ ከሆኑ ግን ሁለቴ ያስቡ፤ በጭቃ የተመረገ ምድጃ ነቅሎ መሄድ ይቻላል፣ ሳይሰበር መድረሱ ግን አስተማማኝ አይደለም። አስተማማኝ መብራት ያለው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻለዋል።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ «ነጠላ ቁራጭ ትሸጣላችሁ?» ቀድሞ የሚጎዳው እንጨት እየገባ የሚገጨው ባለ አፉ ቁራጭ ነው። እሱ ሲሰበር ሙሉ ምድጃ እንደገና መግዛት የለብዎትም፤ ከዚያው ሻጋታ የወጣ አንድ ቁራጭ ይበቃል። የነጠላውን ዋጋ ይጠይቁ፣ የአምራቿን ስልክ ይያዙ፣ ምድጃው ከየትኛው ሻጋታ እንደወጣም ከጀርባው በቀለም ምልክት ያስደርጉ።