በትንሽ ትራክተር ሎደር ላይ የሚገጠም መንጋጋ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

በደብረ ብርሃን፣ በእነዋሪና በአካባቢው ትንሽ ትራክተር ያላችሁ፣ ወይም በጋራ ገዝታችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ «የሎደሩ ባኬት ላይ መንጋጋ እንግጠምላችሁ» ተብሎ የሚቀርብላችሁን ርካሽ ዋጋ ከመቀበላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። ግራፕል የሚባለው ይህ መንጋጋ በሃይድሮሊክ ጃክ (በዘይት ግፊት በሚሠራ ገፊ) እየተከፈተና እየተዘጋ የባሕር ዛፍ አጣና፣ የተነቀለ ጉቶ ወይም ድንጋይ በትራክተሩ የፊት ማንሻ ክንድ (በሎደሩ) ጫፍ ባለው ባኬት ላይ ጨብጦ የሚይዝ ሲሆን፣ በወጉ ከተገጠመ የብዙ ሰው ድካም ይቀንሳል። እኔ የምቃወመው በሙሉ ሥራ ስም የሚሸጠውን ግማሽ ሥራ ነው።

የትንሽ ትራክተር ሎደር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥራ ብቻ የሚያዝ ቫልቭ (የዘይቱን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ) አለው፤ አንዱ ክንዱን ያነሣል፣ ያወርዳል፤ ሌላው ባኬቱን ወደ ውስጥ ያጥፋል፣ ወደ ውጭ ይደፋል። መንጋጋው ሦስተኛ ሥራ በመሆኑ ወይ የራሱ ቫልቭ፣ ወይ ደግሞ የባኬቱን ዘይት በኤሌክትሪክ ቁልፍ ወደ መንጋጋው የሚመልስ ማዞሪያ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ዋጋው የሚረክሰው ይህ ቫልቭ ሲቀር ነው። ገጣሚው የባኬቱን መስመር በቲ ፊቲንግ (አንዱን መስመር ለሁለት በሚከፍል መገጣጠሚያ) ከፍሎ የመንጋጋውን ጃክ እዚያው ላይ ይቀጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱ ጭነት ወደቀለለበት ጃክ ስለሚሄድ፣ አንዱ ማንሻ ሲነካ የትኛው ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ ሾፌሩ ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ዓይነት የተገጠመ አንድ ትራክተር አጣና ሲያነሣ ተመልክቻለሁ፤ ሾፌሩ ባኬቱን ጥቂት ለማዘንበል ማንሻውን ሲነካ መንጋጋው ቀድሞ ተከፈተና እንጨቱ በሙሉ የፊት ጎማው ላይ ተዘረገፈ። ባለንብረቱ ለገጣሚው ቢያመለክት ያገኘው መልስ «ሾፌርህ ገና አልለመደውም» የሚል ብቻ ነበር።

መንጋጋው የያዘውን ቀስ በቀስ ሲለቅ የሚሰጠው ምክንያት ደግሞ «አገሩ ደጋ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ መቀነሱ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ የመጨበጥ ኃይል የሚወሰነው በዘይቱ ግፊትና በጃኩ ስፋት ነውና፣ ከፍታው መንጋጋውን ቢያዘገየው እንጂ ጨብጦ የያዘውን አያስለቅቀውም። የሚያስለቅቀው የተበላ የጃክ «ሲል» (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) ወይም ዘይት የሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። እንዲያውም ይህን ጉድለት የሚደብቀው የእኛው ብርድ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የውርጭ ጠዋት ዘይቱ ስለሚወፍር በተበላው ሲል በኩል በቀላሉ አያልፍም፣ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ግን ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ በማለዳ እንረካከብ ካሏችሁ እሺ አትበሉ። ትራክተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ከባድ ጉቶ አስጨብጡት፣ ከመሬት ጥቂት ብቻ አንሡት፣ ማንሻውን ልቀቁና መንጋጋው እንዳይላላ፣ ክንዱም እንዳይወርድ ጥቂት ደቂቃ ተመልከቱ። ሰው አጠገቡ እንዳይቆም።

የብየዳው ነገርም ቀላል አይደለም። የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ጃክ በ150 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ወደ 3 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋል፤ ይህም ኃይል የሚያርፈው ባኬቱ ላይ በተበየደው ማጠፊያ ላይ ስለሆነ፣ ጠርዙ በወፍራም ላሜራ ካልተደገፈ ይጣመማል፣ ወይም ብየዳው ይሰነጠቃል። ብየዳውን ቀለም ሳይቀባ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ቀለም ብዙ ይሸፍናል። የጃኩ ዘንግም ክሮም የሆነና ጭረት የሌለበት መሆን አለበት፤ የዛገ ዘንግ ሲሉን ይበላዋል። ሆዙ (ዘይቱን የሚያስተላልፈው ጎማ ቱቦ) ላይ የታተመውን አንብቡ፦ በአውሮፓ ደረጃ የግማሽ ኢንች ሆዝ ባለ አንድ ድርብ የሽቦ ጥልፍ የሆነው 160 ባር፣ ባለ ሁለት ድርቡ 275 ባር የሥራ ግፊት ይችላል፤ ምንም ጽሑፍ የሌለበትን አትቀበሉ። ሆዝ ሲያፈስ ቀዳዳውን በካርቶን እንጂ በእጅ አትፈልጉ፤ በግፊት ቆዳ ውስጥ የገባ ዘይት፣ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህልም፣ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው።

ሻጩ ሎደሩ 500 ኪሎ ያነሣል ቢላችሁ፣ መንጋጋው 150 ኪሎ ከመዘነ ለጭነቱ የሚተርፈው 350 ኪሎ ብቻ ነው፤ ከኋላ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ካልታሰረም የኋላ ጎማ መሬት መቆንጠጡ ይቀንሳል። በጣርማበር ዓይነት ተዳፋት ላይ ጭነት ከፍ አድርጎ መሄድ ትራክተሩን መገልበጥ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በመሆኑም የቫልቩ ዓይነት፣ የጃኩ ስፋትና የሆዙ ግፊት በውሉ ላይ ይጻፉ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ጉድለቱንም በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ። በቲ የተገጠመላችሁ ካላችሁ መንጋጋውን መጣል አያስፈልግም፤ ማዞሪያ ቫልቭ ተጨምሮበት ሊስተካከል ይችላል፣ እስኪስተካከል ድረስ ግን ሆዞቹን አስፈትታችሁ፣ በባኬቱ መስመር ላይ ክፍት የቀሩትን የቲ አፎች በትክክል አስደፍናችሁ፣ በባኬቱ ብቻ ሥሩ።