የማክሰኞና የሐሙስ ማታው የአንድምታ ትምህርት፦ ስምንት ወር ተከታትዬ ያየሁት

ሙያዬ ሒሳብ ነው። 19 ዓመት ሙሉ ወር በገባ ቁጥር የባንኩን መግለጫና የእኛን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግቼ አስታርቃለሁ። ባለፈው ዓመት የ16 ዓመት ልጄ ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት ገባና፣ «እማዬ፣ ዳዊት ያስቆጠረው የእስራኤል ሕዝብ በሳሙኤል 800,000 ነው፣ በዜና መዋዕል 1,100,000 ነው። የቱ ነው ልክ?» አለኝ። ሽንኩርቱን ትቼ ተቀመጥኩ። «ዝም ብለህ እመን» ብዬ ልሸኘው አልቻልኩም። እኔ ራሴ በልጅነቴ እንደዚያ ተብዬ የዋጥኩት ጥያቄ እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

መጀመሪያ አንድ ቦታ የሦስት ቀን ሥልጠና ገብቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን እጄን ሳወጣ «ጥያቄ የሚያበዛ ሰው እምነቱን ይመርምር» ተባልኩ። ሦስተኛውን ቀን አልሄድኩም። ወደ ሰፈራችን ደብር አዳራሽ የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ይህን የምጽፈውም እንደኔ ግራ ተጋብቶ የሚፈልግ ወላጅ ካለ ብዬ ነው።

አንድምታ፣ ማለትም የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ፣ ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ11፡30 እስከ 1፡30 ነው። ለመመዝገቢያ 200 ብር ይከፈላል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። አስተማሪው ጉባኤ ቤት ያደጉ የሐዲሳት (የአዲስ ኪዳን) መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ንባቡን በግእዝ ያወርዱታል፣ በአማርኛ ይፈቱታል፣ ታሪክ ካለው ታሪኩን ያመጣሉ፣ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጓሜ ይጨምራሉ። አንዳንዴ ሁለት አንድም፣ አንዳንዴ አምስት። ግእዝ የማያውቅ ሰው አይቸገርም፤ እኔ ከ«ጸሎተ ሃይማኖት» በቀር አላውቅም ነበር።

የልጄን ጥያቄ ይዤ የሄድኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። የኔታ ሁለቱን ቁጥሮች በሰሌዳው ግራና ቀኝ ጻፏቸው፤ ከሥራቸው ደግሞ የይሁዳን ነገድ ቁጥር ጨመሩ፦ በ2ኛ ሳሙኤል 24፥9 ላይ 500,000፣ በ1ኛ ዜና መዋዕል 21፥5 ላይ 470,000። «ልዩነቱን አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። ዜና መዋዕሉ በእስራኤል 300,000 ይበልጣል፣ በይሁዳ 30,000 ያንሳል አልኳቸው።

«በ1ኛ ዜና መዋዕል 27 ንጉሡን በየወሩ በተራ የሚያገለግሉ 12 ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ 24,000 ነው። አንዱ ጸሐፊ እነዚህን ሳይደምር፣ ሌላው ደምሮ ይሆናል» አሉ የኔታ። ስልኬን አውጥቼ አባዛሁ። 288,000 መጣ።

«የኔታ፣ 12,000 ይጎድላል።»

«ይጎድላል ልጄ። በአለቆቻቸው የሚሞሉት አሉ። መጽሐፉ ግን እንደዚያ አላለም፣ እኔም አልልሽም።»

ትምህርቱን እንድቀጥል ያደረገችኝ ይህች መልስ ናት። ከኔ በላይ የተማረ ሰው ሒሳቡ እንዲዘጋለት ብሎ ከኪሱ ሳይጨምር ሲቀር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እዚያው ምዕራፍ ላይ ቁጥር 24ን አስነበቡን። የዳዊት የጦር አለቃ ኢዮአብ መቁጠር ጀመረ፣ አልጨረሰም፤ ቁጥሩም በንጉሡ በዳዊት መዝገብ አልገባም። ምዕራፍ 21፥6 ደግሞ ሌዊንና ብንያምን ከነጭራሹ እንዳልቆጠረ ይናገራል። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጋዘን ቆጠራ ላይ ሥራው በመሃል ሲቋረጥ ሁለት ሐቀኛ ሠራተኞች ሁለት የተለያየ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ፤ አንዱ የገባውን ሁሉ ይጽፋል፣ ሌላው የእርሱን ክፍል ብቻ። ማንም አልዋሸም። ያልተዘጋ ቆጠራ መሆኑን መጽሐፉ ራሱ ነግሮኛል፤ እኔ ግን እስከዚያች ማታ ምዕራፍ 27ን ገልጬ አላውቅም ነበር።

ሌላው ከልቤ ያልወጣው የሐዋርያት ሥራ ነው። በ9፥7 ከሳውል (በኋላ ጳውሎስ ከተባለው) ጋር በደማስቆ መንገድ የነበሩት የተናገረውን ድምፅ ሰሙ ይላል፤ በ22፥9 ጳውሎስ ራሱ አልሰሙም ይላል። የኔታ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ልጅ ጠሩት።

«አንተ፣ ጣልያንኛ ትሰማለህ?»

«አልሰማም የኔታ።»

«ጣልያን ሲናገር ጆሮህ ይደፈናል?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፣ እኔ ግን አላሳቀኝም፤ እንባዬ ነው የመጣው። ቋንቋ «ይሰማል» ስንል ይገባዋል ማለታችን መሆኑን በቀን አሥር ጊዜ እየተናገርኩት ለዚህ ጥቅስ አስቤው አላውቅም። በግሪኩ ሰዋስው ልዩነቱን የሚያስረዱ እንዳሉ ነገሩን፣ ግን ሉቃስ ያን ሕግ ሁልጊዜ ስለማይጠብቅ ብዙ አልተደገፉበትም። ይልቅ ዮሐንስ 12፥29ን አስወጡን፦ ከሰማይ ድምፅ መጣ፣ ቆመው ከሰሙት ሕዝብ አንዳንዱ ነጎድጓድ ነው አለ። ደግሞስ ሁለቱንም ቦታ የጻፈው አንዱ ሉቃስ ነው፤ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የጻፈውን እንዴት ይረሳዋል?

ጌታን በሸጠው በይሁዳ ብር የተገዛውን መሬት ጉዳይ በአሥር ደቂቃ ጨረስነው። ማቴዎስ እንደሚለው ካህናቱ ገዙት ወይስ የሐዋርያት ሥራ እንደሚለው ይሁዳ? ብሩን ወደ መባ ሣጥን ማስገባት ስላልተፈቀደ ካህናቱ በእርሱ ገንዘብ ገዙ፤ ግዢው በገንዘቡ ባለቤት ስም ተነገረ። ይህን ለሒሳብ ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

የስቅለቱ ሰዓት ላይ ግን ሁለት ማታ ቆይተናል፣ ይገባዋልም። ማርቆስ 15፥25 ሦስት ሰዓት ይላል፤ ዮሐንስ 19፥14 ጲላጦስ ገና ፍርድ ወንበር ላይ ሳለ ስድስት ሰዓት ያህል ነበር ይላል። እኛ እንደ መጽሐፉ ከጧት ጀምረን ስለምንቆጥር ነገሩ ቶሎ ያሳምማል፤ ስቅለት ዕለትም በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ እየተነሣን እንሰግዳለን። የኔታ ሦስት አንድም አመጡ። አንዱ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የአውግስጢኖስ ነው፦ በሦስት ሰዓት «ስቀለው» ብለው በአንደበት ሰቀሉት፣ በስድስት ሰዓት በእጅ። ሁለተኛው፦ የእጅ ሰዓት በሌለበት ዘመን ቀኑ በአራት ይከፈላል፤ ማርቆስ ከሦስት የሚጀምረውን ክፍል ጠራ፣ ዮሐንስ ወደ ማለቂያው ሲጠጋ «ያህል» አለ። ሦስተኛው የገልባጭ ስሕተት ነው። የግእዙ ፫ እና ፮ ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸውና ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ጽፈው፣ በግሪኩ ፊደል አንዱን በአንዱ መሳት እንዴት እንደሚቀል አሳዩን። እኔን ያሳረፈኝ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ለስብከት ያማረ ነው፣ ግን ማርቆስ እዚያ ቦታ የሚያወራው ስለ ልብሱ ዕጣ ስለሚጣጣሉት ወታደሮች እንጂ ስለ ጩኸት አይደለም። ይህንኑ ስናገር የኔታ አልተቆጡም፤ «እሱን ለያዘ ሰው ተይለት» ብቻ አሉኝ።

ቅሬታዬንም ልናገር። የማቴዎስና የሉቃስ የትውልድ ሐረግ ላይ ስድስት ሳምንት ሄደ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ የዮሴፍ አባት በአንዱ ያዕቆብ በሌላው ኤሊ የተባለው፣ ኤሊ ልጅ ሳይወልድ ሞቶ ወንድሙ ያዕቆብ በዘዳግም 25 ሕግ ዘር ስላቆመለት ነው የሚለውን አፍሪቃኖስ የተባለ ክርስቲያን ጸሐፊ በ3ኛው መቶ ዓመት ጽፎት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። ግን ሦስት ሳምንት በበቃ ነበር፤ በዚያ መሃል ብዙ ወጣት ቀረ። ድምፅ ማጉያው ከኋላ አይሰማም፣ በቴሌግራም የሚለቀቀው ቅጂም ከዚያ የባሰ ነው። መብራት ሲጠፋ በጧፍ ይቀጥላል፤ ይሄ እንኳ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የከፋኝ የጥያቄው ነገር ነው። ጥያቄ በወረቀት ተጽፎ የሚቀርበው በመጨረሻው 15 ደቂቃ ነው። አስተባባሪው ወረቀቱን እያገላበጠ የልጆቹን «ይህ ለዛሬ አይሆንም» እያለ ወደ ጎን ያስቀምጣል። ልጄ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስቱም ጎን ቀርተዋል። ልጁ እኮ መልስ ፍለጋ ሌላ ቦታ ለመሄድ ስልኩን መክፈት ብቻ ነው የሚበቃው! ይህን ለአስተባባሪው በግልጽ ነግሬዋለሁ፤ ለየኔታም ነገርኩ።

ባለፈው ሐሙስ የኔታ ትምህርቱን በግማሽ አቁመው፣ «ጎን ያሉትን ወረቀቶች አምጡልኝ» አሉ። የልጄ ሁለተኛው ነበር። ማርቆስ 2፥26 ዳዊት የመሥዋዕቱን ኅብስት የበላው በአብያታር ጊዜ ነው ይላል፣ በሳሙኤል ግን ኅብስቱን የሰጠው ካህን የአብያታር አባት ነው። «በኋላ ሊቀ ካህናትነቱ የታወቀው አብያታር ስለሆነ ዘመኑ በእርሱ ተጠራ» አሉት። ልጄ ቆሞ፣ «በዚያን ጊዜ አብያታር የት ነበር?» አላቸው። የኔታ ትንሽ ዝም ብለው፣ «1ኛ ሳሙኤል 21ን እና 22ን አንብበህ ማክሰኞ አንተ ንገረን» አሉት።

ትናንት ማታ እራት ከበላን በኋላ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር። ሳህን ላነሣ ስመጣ 22ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ካህን አብያታር ብቻውን ወደ ዳዊት ሲሸሽ፣ ጣቱን አሳርፎበታል።