ጠፍጣፋው የጡጦ ጫፍ፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ማሸጊያው ግን አጋኗል

ወደ ሥራ ስመለስ፣ ልጄ ቀን ቀን ያለብኩላትን ወተት እንድትጠጣበት ነው ይሄን ጠፍጣፋ የሲሊኮን ጫፍ የገዛሁት። ማሸጊያው ላይ ልክ እንደ እናት ጡት ነው፣ ለመንጋጋና ለጥርስም ተስማሚ ነው ይላል።

ዕቃው ራሱ አይታማም። ለስላሳ ነው፣ ደጋግመው ቢቀቅሉትም ቅርጹን አይለቅም። ጡጦው ሲዘቀዘቅ ወተቱ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይንዠቀዠቅም፤ ልጅን ትን እንዳይላት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሚያስቸግረው ላይና ታች ስላለው አፏ ውስጥ በዞረ ቁጥር ማስተካከል ነው።

«እንደ እናት ጡት» የሚለውን ግን አልቀበልም። ጡት አፍ ውስጥ ይለጠጣል፣ ጠልቆ ይገባል፣ የላንቃን ቅርጽ ይይዛል። ምላስ ከታች ወደ ላንቃ ይጫነዋል፣ መንጋጋም ወተቱን ለማውጣት አብሮ ይሠራል። ሕፃን ሲወለድ የታችኛው መንጋጋው ትንሽ ወደ ኋላ ያለ ስለሆነ፣ ይሄ ሥራ ወደ ፊት እንዲያድግ ያግዘዋል። ሲሊኮን ምንም ቢለሰልስ እንደዛ አይታዘዝም። ልጄን አስተውዬ ሳያት፣ በጡጦው ስትጠባ ጉንጮቿ ስርጉድ ይላሉ፣ ጡት ላይ ስትሆን ግን ሞላ ብለው ነው የሚታዩት። ጉንጭ ከውጭ እየተጫነ ምላስ ከውስጥ በደንብ ካልደገፈ ላንቃ ሊጠብ ይችላል፤ ያኔ ጥርሶች ቦታ ያጥራቸዋል፣ የላይኛውና የታችኛው ረድፍም በትክክል አይገጥሙም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ ጡት የጠቡ ልጆች ላይ የጥርስ አለመግጠም 68 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የወተት ጥርስ ያላቸውን ትንንሽ ልጆች የሚመለከቱ ናቸው፣ ከወላጅ የሚወረስ የመንጋጋ ቅርጽና ጣት መጥባትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ጡት ማጥባት ያልቻለች እናት የልጄን ፊት አበላሸሁ ብላ እንዳትጨነቅ። እኔን የሚያናድደኝ ሻጩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ደንብ እኮ ጡጦና የጡጦ ጫፍ ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ ይላል!

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ወተት አልባችሁ ለምትሄዱ ይሆናችኋል፣ ቀስ ብሎ የሚያወርደውን ምረጡ። ቤት ስትገቡ ጡቱን ስጡ፣ ዓመት ሲሞላት ደግሞ ጡጦውን ትታችሁ በኩባያ አለማምዷት።