የሚንተባተብ ልጄ ስምንት ቅዳሜዎች፦ ደብረ ማርቆስ ስለሚገኝ አንድ የልጆች የምክር አገልግሎት

ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ሲናገር ይንተባተባል። ባለፈው ዓመት የክፍል ጓደኞቹ ምላሱ በተያዘ ቁጥር «ባጃጁ አልነሳ አለ!» እያሉ መሳቅ ስለ ጀመሩ፣ መልሱን እያወቀ እጁን ማውጣት ተወ። የዲማንና የዋሸራን የቅኔ ቤቶች ዝና እየሰማን ያደግን ጎጃሜዎች አንደበተ ርቱዕ ልጅ ስናይ ደስ ይለናል፤ ምላሱ የሚያዝበትን ግን ሳናስበው ከሰነፍ እንቆጥረዋለን። እኔም «ቀስ በል፣ ተንፍስ» እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳቋረጥኩት ሳስበው ያሳፍረኛል። በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ምክር ወደሚሰጥ አንድ አነስተኛ ቢሮ ይዤው ሄድኩ።

ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን ያነጋገሩት ከልጁ ይልቅ እኔን ነበር። መንተባተብ ከፍርሃት ወይም ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አለመሆኑን፣ በዘር ሊወረስ እንደሚችል፣ ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ በአንድ ወቅት እንደሚንተባተቡና አብዛኞቹ እያደጉ ሲሄዱ እንደሚተዋቸው አስረዱኝ። ልጄ ከነዚያ አንዱ ይሆናል ብለው ግን ቃል አልገቡልኝም፤ የንግግር ሕክምና እንደማይሰጡም በግልጽ ነገሩኝ። ያመንኳቸውም በዚህ ነው።

ከልጁ ጋር የሠሩት በአብዛኛው ጨዋታ ነበር። እሳቸው ተሳላቂ ይሆናሉ፣ እሱ መልስ ይሞክራል። ሲቆጣ ያስቆሙትና፣ ተሳላቂ የሚጠብቀው ይህንኑ ቁጣ ወይም ለቅሶ እንደሆነ ነግረውት፣ ፊት ለፊት እያየ በአጭሩ እንዲመልስ እንደገና ያስጀምሩታል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የፈለግሁት አፍ የሚያስይዝ ስድብ እንዲያስተምሩልኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የሌላውን ልጅ ጉድለት እያነሳ እንዲመልስ ፈጽሞ አልፈቀዱለትም። ከጓደኛ ቀልድና በየቀኑ ከሚደጋገም ማላገጥ መካከል ያለውን ልዩነት አስለዩት፤ መመታት ወይም መዛት ከመጣም ለመምህር መንገር አሳባቂነት አለመሆኑን ደጋግመው አስረዱት። መንተባተቡን ለመደበቅ ቃል እንዳይቀይር መክረውታል፤ ለካስ ልጄ «ደብተር» ማለት ስለሚከብደው «ያ የምጽፍበት» ይል ኖሯል፣ እኔ አባቱ ሳላስተውል።

ጉድለቶችም አሉ። ክፍሉ ከዋናው መንገድ ዳር በመሆኑ የባጃጅ ጥሩምባ ንግግሩን ያቋርጣል (ልጄ በዚህ መሳቁ ግን አልቀረም)። ለወላጅ የሚሰጠው ጊዜ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቢሮው ከትምህርት ቤት ጋር አለመነጋገሩ ነው። ቃሉን እንዳይጨርሱለትና ተራውን እንዳይዘሉት መምህሩን የለመንኩት ራሴ ነኝ፤ ያንን ባላደርግ ኖሮ የቅዳሜው ልፋት ሰኞ ጠዋት ይፈርስ ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ለክፍሉ ምንባብ ሲያነብ ተያዘና የለመደው ሳቅ ተነሳ። መምህሩ እንደነገሩኝ፣ ልጄ ቀና ብሎ «ይ... ይነሳል፤ ጠብቁ» አለና ንባቡን ጨረሰ። መልሱ ባለሙያዋ ያለማመዱት አልነበረም፤ የራሱ ነው። አሁንም ይንተባተባል፣ እጁን ግን ያወጣል።

ክፍያው በየቀጠሮው የሚፈጸም ሲሆን፣ ዓርብ በስልክ ተራ ያልያዘ ሰው ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ረጅም ሰዓት መጠበቁ አይቀርም።