ባቴ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያለችው የምግብ ኮንትራት ቤት

ዘንድሮ ሐረማያ ለደረሳችሁ እና ነን ካፌ (የግቢውን ካፌ ትቶ የምግብ ብሩን ተቀብሎ ውጪ የሚበላ) ልሁን አልሁን እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው ምጽፈው፣ እኔ ፍሬሽ ሆኜ ስመጣ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙ ብር አቃጥያለሁ።

ቤቷ ሰሌዳ የላትም፣ ባቴ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹን አልፋችሁ ማዘር ቤት በሉ ያሳዩዋችኋል። ኮንትራት ስትይዙ፣ ማለት የወሩን ምግብ ቀድማችሁ ስትከፍሉ፣ የቤቷ ባለቤት ማዘር ስማችሁን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ በበላችሁ ቁጥር አንድ ጭረት ራሳችሁ ታሰምራላችሁ። ያልበላችሁበት ቀን አይቆጠርም!! ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከዛ በፊት የያዝኩበት ሌላ ቤት ፊልድ ወጥቼ አራት ቀን ቆይቼ ስመለስ አራቱንም ቀን ቆርጠውብኝ ጠበቁኝ፣ ባትበላም ያው ነው አሉኝ። በ2017 የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ወደ 100 ብር አድጎ ትንሽ ተንፈስ ብለን ነበር ግን ዘይቱም ሽንኩርቱም አብሮ ስለሚጨምር ብሩን ወር የሚያደርስላችሁ ቤት መምረጥ ግድ ነው።

ምግቡ፣ ድንች ወጧን ብሉ። ድንቹ እዛው ከሐረማያ ገበሬ ማሳ ነው የሚመጣው፣ ጅቡቲ ድረስ የሚጫነው ማለት ነው፣ አፍ ላይ ይሟሟል። እንጀራው ማሽላ ይቀላቀልበታል፣ የዶርም ልጃችን ከጎጃም ነው የመጣው አንድ ወር ሙሉ አጉረመረመ፣ አሁን እረፍት ቤቱ ሲሄድ የማሽላው እንጀራ ናፈቀኝ ብሎ ይደውላል።

ግን እኔን የያዘኝ ሰዉ ነው። አንድ አግዳሚ ላይ የወላይታ ልጅ፣ የጅግጅጋ ልጅ፣ ባጃጅ ሹፌር፣ ካሮት ሸጦ የተመለሰ ገበሬ ተጠጋግተው ይበላሉ፣ ማዘር ለአንዱ በኦሮምኛ ለአንዱ በአማርኛ ለአንዱ በሶማሊኛ እየመለሱ ወጥ ይጨምራሉ። በ2016 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን መጋቢት 2 ገቡ አይደል፣ ያኔ ለጾመኛው ክርስቲያን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮና ጎመን፣ ማታ ደግሞ ለአፍጥር ተምርና ሳምቡሳ፣ ማዘር ራሳቸው የረመዳን ጾመኛ ሆነው ጨው እንኳን ሳይቀምሱ ነበር ሽሮውን የሚሰሩት፣ የክላሳችን ልጅ ነበር ቀምሶ በቃ የሚላቸው። ይሄን አልረሳውም።

ጉድለቷን ልንገራችሁ፣ 6 ሰዓት ላይ ክላስ ሲወጣ ወንበር አይገኝም፣ ውሃ የጠፋ ቀን ደግሞ እጅ መታጠቢያው ባዶ ነው ሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ። ክረምት ተማሪው ሲወጣ ባቴ ጭር ስለሚል ማዘርም ዘግተው ልጃቸው ጋ ድሬዳዋ ይወርዳሉ፣ ስለዚህ የሰኔን ሙሉ ወር እንዳትከፍሉ፣ ፈተና እስከምትጨርሱበት ቀን ብቻ ክፈሉ፣ እሳቸውም እንደዛ ነው ሚመክሩት።