የባትሪዬን ሌባ ላገኘልኝ ኤሌክትሪሺያን

ይህ ምስጋና ሳሪስ አካባቢ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ለሚሠራ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። «ስሜንና ስልኬን አደባባይ ላይ አያውጡብኝ» ስላለኝ ቃሉን አከብራለሁ። ሥራውን ሳልናገር ብቀር ግን ግፍ ይሆንብኛል።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ዓርብ ማታ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት ስመጣ አትነሳም። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ጠቅ ይልና ዝም። ሰኞ ደግሞ እናቴን ለክትትል ሐኪም ቤት የማደርስበት ቀን ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ጋቢያቸውን ደርበው ደጅ ቆመው፣ እኔ በኬብል የሚያስነሳልኝ ሰው ፍለጋ የጎረቤት በር ሳንኳኳ። አውቶማቲክ ስለሆነች ተገፍታም አትነሳ። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ጋራዥ «ባትሪው ሞቷል» አለኝ፤ አዲስ ገዛሁ። ጥቂት ሳምንት ደህና ከረመችና ያው ሆነች። ሌላው ዲናሞውን፣ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ዕቃ፣ ሊያወርደው ተነሳ። ከሁለቱም ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያወጣ ሰው አላየሁም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ይሄ ልጅ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ጠየቀኝ። «ማዘር፣ በየቀኑ ሲነዷት ትነሳለች?» አዎ። «የምታስቸግረው ሁለት ሦስት ቀን ስትቆም ብቻ ነው?» አዎ። «እንግዲያው ቆማ ሳለች ባትሪውን የሚበላ ነገር አለ። ሌላ ባትሪ እንዳይገዙ።»

ባትሪውን አውጥቶ አሳደረውና ቻርጅ አደረገው። በማግስቱ ሲለካው 12.6 ቮልት፤ ሞተሩ ሲነሳ 14.2 ሆነ። «ዲናሞው ጤነኛ ነው» አለ። በዚህች መለኪያ ብቻ ከአንድ ትልቅ ወጪ ዳንኩ።

ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። ሞተሩ ጠፍቶ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታና ቴስተሩን በባትሪውና በገመዱ መካከል አስገባ፤ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ እንዲያልፍ ማለት ነው። የሾፌሩን በር ከፍቶ መቆለፊያውን በካቻቢቴ ጫን አደረገው፤ መኪናዋ በሯ የተዘጋ እንዲመስላት። የፊውዝ ሳጥኑ ዳሽቦርዱ ሥር ነው፤ በሩ አስቀድሞ ስለተከፈተ በኋላ እየከፈቱ መኪናዋን መቀስቀስ አያስፈልግም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እኔ ቸኮልኩ፣ እሱ አልቸኮለም። «ልክ ሲጠፋ ብንለካ ይዋሻል፤ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እስኪተኙ እንጠብቅ» አለኝ። ቴስተሩ እንደተገጠመ ሞተር ማስነሳት እንደማይገባም አስጠነቀቀኝ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ 0.43 አምፔር ላይ ቆመ። ጤነኛ መኪና ቆማ ከ0.05 ባትበልጥ ነው ደግ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይነቅላል፣ ያያል፣ ይመልሳል። የቴፑን ሲነቅል ቁጥሩ ወደ 0.02 ወረደ። ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን።

አምና ያስገጠምኩት ትልቅ ስክሪን ያለው ቴፕ ነበር። ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኘው ቢጫ ሽቦና ቁልፍ ሲዞር ብቻ ማግኘት ያለበት ቀይ ሽቦ አንድ ላይ ተጠምዝዘው ታስረዋል። እኔ በእጄ ሳጠፋው ስክሪኑ ይጠቁራል እንጂ ውስጡ አይተኛም። ልጁ ወረቀት ላይ አስልቶ አሳየኝ፦ 0.43 አምፔር በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 10 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ከባለ 45 አምፔር ሰዓቱ ባትሪዬ ከግማሽ በላይ ያልቃል ማለት ነው። ባትሪ ደግሞ እንዲህ ባዶ እየሆነ በከረመ ቁጥር የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ነጭ ጨው እየያዙ አቅሙ ይደክማል። አዲሱም ቶሎ የተዳከመው ለዚህ ነው።

ቀዩን ሽቦ ከቁልፉ ጋር አገናኝቶ፣ አሽጎ፣ እንደገና ለካ። 0.02። የጠየቀኝ ሒሳብ ባትሪ ከገዛሁበት አንድ አሥረኛ አይሞላም። ልጨምርለት ብል «ይብቃኝ ማዘር» አለ። የተበላሸ ዕቃ ስላልቀየረ ሒሳቡን በጊዜው ብቻ ነው ያሰበው። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ሆኖብኛል።

ከዚያ ወዲህ አምስት ሰኞ አልፏል። አምስቱንም በአንድ ቁልፍ ተነስታለች፤ እናቴም እሱን ሳይመርቁ አይገቡም።

መኪናው ቆሞ ባትሪ የሚጨርስበት ሰው ካለ ይጠይቀኝ፤ አድራሻውን ለብቻው እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ መኪናውንም እንደምታሳድሩ ቆጥራችሁ ሂዱ። ከተገዛ በኋላ የተገጠመ ነገር ካለ፣ ቴፕም ይሁን አላርም ወይም ጂፒኤስ፣ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።