«የሳይበር ሴኩሪቲ ፓኬጅ» እንሸጣለን ለሚሏችሁ ሰዎች ሳታጣሩ እንዳትከፍሉ!

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ አስመጪ ምናምን ያላችሁ እባካችሁ ይሄን አንብቡት። እኛ መርካቶ ትንሽ የጅምላ ንግድ አለን፣ ኮምፒውተራችን ሶስት ነው፣ ሂሳባችን ሙሉ በሙሉ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ። አምና ሁለት ልጆች ሱፍ ለብሰው ብሮሸር ይዘው መጡና አንቲቫይረስ ከነላይሰንሱ፣ ባካፕ (የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ)፣ የሰራተኛ ስልጠና፣ ሁሉም በአንድ ፓኬጅ 38,000 ብር አሉን። ጎረቤቶቻችሁም ገዝተዋል ስላሉን ከፈልን። ደረሰኝ «በኋላ እናመጣለን» አሉ፣ አላመጡም፣ እዛ ጋ መንቃት ነበረብኝ።

ስምንት ወር ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሂሳብ ሰራተኛችን ፒችትሪን ብትከፍት እምቢ አላት። ፎልደሩን ስናየው የፋይሎቹ ስም ሁሉ መጨረሻው ላይ የማናውቀው ነገር ተቀጥሎበታል፣ ዴስክቶፑ ላይ ደግሞ በቢትኮይን ክፈሉ የምትል አንዲት የጽሁፍ ፋይል ተቀምጣለች። ራንሰምዌር ነው፣ ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ማለት ነው። ልጅቷ እያለቀሰች የነገረችኝ፣ አርብ ማታ ልትወጣ ስትል ማውሱ ብቻውን ሲሄድ አይታለች፣ ግን እነዚያ ልጆች ከቢሯቸው ሆነው እየገቡ «እናስተካክላለን» ይሉ ስለነበር እነሱ መስለዋት ዝም ብላ ወጣች። በእሷ አልፈርድም፣ ማንም ቢሆን እንደዛ ነው የሚያስበው፣ ማን ነግሯት? ስልጠና የተባለው እኮ የ20 ደቂቃ ፓወርፖይንትና አንድ ሰርተፍኬት ነው።

የምናምነው ባለሙያ ቢያይልን አንቲቫይረሱ ክራክ ነው፣ ማለት ላይሰንስ ሳይገዛ ተሰብሮ የሚሰራ የተሰረቀ ቅጂ። ክራኩን ለመጫን ብለው ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣውን ነፃውን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ አጥፍተውታል፣ ማለት ገንዘብ ከፍለን የነበረንን አጥር አስፈረስን። ከሩቅ ሆነው ኮምፒውተራችን ውስጥ የሚገቡበትን ፕሮግራም፣ ኤኒዴስክን፣ ማንም እሺ ሳይለው እንዲያስገባ አድርገው ነው ትተውት የሄዱት፣ ፓስወርዱ የድርጅታችን ስም ከነ123። ባካፕ ያሉት እዛው ኮምፒውተር ላይ ዲ ድራይቭ ውስጥ ስለነበር እሱም አብሮ ተቆለፈ። ስልካቸው ዛሬ ድረስ አይሰራም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ከመጣባችሁ ላይሰንሱ በራሳችሁ ኢሜይል ይመዝገብ በሉት፣ ክራክ የሚጭን እዚህ ጋ ያንገራግራል። ዲፌንደርን ላጥፋው ካለ እንዳትፈቅዱ። ኤኒዴስክ ስራ ሲያልቅ ከኮምፒውተሩ ይውጣ፣ ሰራተኞቻችሁም ማውስ ብቻውን ሲሄድ ካዩ ማንንም ሳይጠይቁ የኢንተርኔቱን ገመድ እንዲነቅሉ ንገሯቸው፣ ነቀላችሁ ብላችሁም እንዳትቆጧቸው። ባካፕ ደግሞ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት፣ ተሰክቶ ከዋለ ባካፕ አይደለም። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁም ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ድጋፉን እንዳቆመ እወቁ።

ከተመታችሁ የተቆለፈውን ፋይል አታጥፉት፣ ፎርማትም አታድርጉ። ዩሮፖልና የሆላንድ ፖሊስ በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ዌብሳይት ለአንዳንዶቹ ራንሰምዌሮች መክፈቻ በነፃ ይሰጣል፣ ለእኛው አይነት ግን አልተገኘም። የመንግስት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ደግሞ በስልክ 933 ላይ ሪፖርት ይቀበላል። ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት በአዋጅ 958/2008 ወንጀል ስለሆነ «ምን አመጣለሁ» ብላችሁ ዝም አትበሉ።

እኛ ፋይሉን ለቆለፉት ሌቦች አልከፈልንም። አሁን ልጅቷና እኔ ማታ ማታ እየቆየን ሂሳቡን ከወረቀት ደረሰኝ ላይ እንደገና እያስገባን ነው፣ ገና የጥር ወር ሂሳብ ላይ ነን።